ፎርሚጋ፤ ሰባት ጊዜ ለዓለም ዋንጫ የዘመተችው ‹‹ጉንዳን››

እ.ኤ.አ ኖቬምበር 25 ቀን 2021። ማናውስ፣ ብራዚል። የአማዞን ጫካ በከበባት በዚህች ከተማ አሬና ዳ አማዞኒያ ስታዲየም ውስጥ የብራዚልና የህንድ ሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች ይጫወታሉ። ግጥሚያው በብራዚል 6ለ1 አሸናፊነት አለቀ። ውጤቱን ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው ብዙም የለም። የሚታወሰው በሁለተኛው አጋማሽ ተቀይራ የገባችው አማካይ ናት። ዕድሜዋ 43 ነው። ለአገሯ ስትሰለፍ 234ኛ ጊዜዋ ነው። ከዚያች ምሽት በኋላ ያንን ቢጫ ማልያ ለውድድር ዳግም አልለበሰችውም።

ሙሉ ስሟ ሚራይልዴስ ማሲየል ሞታ ይባላል። በዚህ ስም ቢጠሯት ግን የሚያውቃት ጥቂት ነው። ለኳስ አፍቃሪው እሷ ‹‹ፎርሚጋ›› ናት። በፖርቹጋልኛ ‹‹ጉንዳን›› ማለት ነው።

እስቲ ቁጥሮቹን እንያቸው። ሰባት የዓለም ዋንጫ። ሰባት ኦሊምፒክ። በብሔራዊ ቡድን ማልያ 26 ዓመት። ከወንድም ይሁን ከሴት በሰባት የዓለም ዋንጫዎች ላይ የተሰለፈ ሌላ ተጨዋች የለም። ሁለት ጊዜ የዓለም ዋንጫን ያነሳው ዝነኛው ካፉ እንኳ ለብራዚል የተጫወተው 142 ጊዜ ነው። ፎርሚጋ በ92 ጨዋታ ትበልጠዋለች።

ሌላ ቁጥር ደግሞ አለ፤ እሱ ያማል። የዓለም ዋንጫ ድል፣ ዜሮ። የኦሊምፒክ ወርቅ፣ ዜሮ። በሁለቱ ታላላቅ መድረኮች ሦስት ጊዜ ለፍፃሜ ቀርባ ሦስቴም ብር አጥልቃ ተመልሳለች። ታዲያ ይህቺ ሴት በምን ትመዘን?

በሕግ የተከለከለ ኳስ

ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1941 የብራዚል መሪ የነበሩት ጌቱሊዮ ቫርጋስ አንድ ድንጋጌ አወጡ። ድንጋጌው ሴቶች ‹‹ከተፈጥሯቸው ጋር በማይስማሙ›› ስፖርቶች እንዳይሳተፉ ይከለክላል። በ1965 ደግሞ እግር ኳስ በስሙ ተጠቅሶ ከተከለከሉት ስፖርቶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ልብ በሉ! ይህ የሆነው ፔሌና ጋሪንቻ ዓለምን ጉድ ባሰኙባት፣ ሕፃን ሁሉ ኳስ ይዞ በሚተኛባት ብራዚል ነው። ሕጉ የተነሳው በ1979 ነው።

ፎርሚጋ የተወለደችው ማርች 3 ቀን 1978 ነው። በሌላ አነጋገር ወደዚህ ዓለም ስትመጣ ወደፊት የምትኖርበት ሙያ በአገሯ ክልክል ነበር።

የትውልድ ከተማዋ ሳልቫዶር የባሂያ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙት ሰዎች ዘሮች በብዛት የሚኖሩባት፣ ጥቁር ብራዚላውያን የባህላቸው እምብርት የሚሏት ከተማ ነች። ፎርሚጋ አባቷን ያጣችው ገና ሕፃን ሳለች በመሆኑ ልጆቹን የማሳደጉ ሸክም በእናቷ ላይ ወደቀ። ልጅቷ ግን ልቧ ኳስ ላይ ነው። ከሰፈር ወንዶች ጋር ስትራገጥ ትውላለች። እሷ ራሷ በተለያዩ ቃለ ምልልሶች እንደተናገረችው፣ ኳስ በመጫወቷ ወንድሞቿ ይመቷት ነበር። ሕጉ ከወረቀት ላይ ቢነሳም ከሰው ጭንቅላት ውስጥ ገና አልተነሳም ነበርና። አይዞሽ የምትላት እናቷ ነበረች።

ቅጽል ስሙ የወጣላት በ12 ዓመቷ ገደማ ነው። አጨዋወቷን ያየ ሰው ሜዳውን ሙሉ ስትሯሯጥ፣ ለራሷ ሳይሆን ለጓደኞቿ ስትለፋ ቢመለከት ‹‹ይህቺስ ጉንዳን ናት›› አለ። መጀመሪያ ላይ ስሙን አልወደደችውም። ማንስ ጉንዳን መባል ይፈልጋል? ውሎ ሲያድር ግን ከእሷ ጋር ተጣበቀ። የአገራችን ሰው ‹‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር›› ይላል። ብራዚላውያን ይህንኑ ሐሳብ በአንዲት ልጅ ስም ውስጥ አስቀመጡት ማለት ነው።

የወንዶቹን ማልያ የለበሰ ቡድን

1995፣ ስዊድን። ሁለተኛው የሴቶች ዓለም ዋንጫ ነው። የወንዶቹ ቡድን ከአንድ ዓመት በፊት አሜሪካ ላይ ለአራተኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሮማሪዮና ቤቤቶ የዓለም መነጋገሪያ ናቸው። የሴቶቹን ቡድን ግን የሚያውቀው የለም። በዚያ ዘመን ሴቶቹ የሚለብሱት ከወንዶቹ የተረፈ ማልያ ነበር። ለሴት አካል ያልተሰፋ፣ ሰፊና ረጅም ልብስ ነው። ፎርሚጋ ከዚህ ቡድን ጋር ስትሄድ ገና የ17 ዓመት ልጅ ናት።

ብራዚል በመክፈቻው አዘጋጇን ስዊድንን 1ለ0 አሸነፈች። ቀጥሎ በጃፓን 2ለ1፣ ከዚያም በጀርመን 6ለ1 ተረትታ ከምድቧ ሳታልፍ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በዓመቱ አትላንታ ላይ የሴቶች እግር ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ገባ፤ ብራዚልም አራተኛ ወጣች። በ1999ኙ የአሜሪካ ዓለም ዋንጫ በግማሽ ፍፃሜ በአሜሪካ 2ለ0 ከተሸነፈች በኋላ ኖርዌይን በመለያ ምት ረትታ ሦስተኛ ሆነች። ለብራዚል ሴቶች የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ሜዳሊያ ነው። በ2000 ሲድኒ ላይ እንደገና አራተኛ።

ልብ ሊባል የሚገባው በእነዚህ ውድድሮች መሐል የነበረው ባዶነት ነው። ወንዶቹ ከብሔራዊ ቡድን ወደ ባርሴሎና፣ ወደ ሚላን፣ ወደ ማድሪድ ሲመለሱ ሴቶቹ የሚመለሱት ዛሬ ተቋቁሞ ነገ ወደሚፈርስ ክለብ ነበር። ፎርሚጋም እንደ ብዙዎቹ ስደተኛ ሆነች። በብራዚል ካሉት ክለቦች ወደ ስዊድኑ ማልሞ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሊግ፣ ተመልሳም ወደ አገሯ። ሻንጣዋ ከእጇ አልወረደም።

የማይታየው ሥራ

ብራዚል ሲባል ለአብዛኛው ደጋፊ ትዝ የሚለው አብዶ ነው፤ ማታለል፣ ተረከዝ፣ በእግሮች መሐል ማሾለክ። በሴቶቹም እንደዚያው ነው። በ1999 ሰባት ጎል አስቆጥራ ከቻይናዊቷ ሱን ዌን ጋር የኮከብ ጎል አግቢነቱን የተጋራችው ሲሲ ነበረች። ከእሷ በኋላ ማርታና ክርስቲያኔ መጡ። ካሜራው እነሱን ይከተላል። ፎርሚጋ ከኋላቸው ናት።

የአርሰናል ደጋፊዎች ጊልቤርቶ ሲልቫን ‹‹የማይታየው ግድግዳ›› ይሉት የነበረው በከንቱ አይደለም። ሪያል ማድሪድም ማኬሌሌን ሸጦ ምን እንዳጎደለ ያወቀው ከሄደ በኋላ ነው። የፎርሚጋ ሥራም ይኸው ነበር። ኳስ ትነጥቃለች፣ ክፍተት ትደፍናለች፣ የነጠቀችውን ለማርታ ትሰጣለች። ግን ሰባሪ ብቻ አልነበረችም። ወደ ፊት ትሄዳለች፣ ከርቀት ትመታለች፣ ሲያስፈልግ ጎል ታገባለች። በ2015 ካናዳ ላይ ደቡብ ኮሪያን 2ለ0 ሲያሸንፉ የመጀመሪያዋን ጎል ያስቆጠረችው እሷ ናት። በ37 ዓመቷ በሴቶች ዓለም ዋንጫ ታሪክ ጎል ያስቆጠረች በዕድሜ ትልቋ ተጨዋች ሆነች። ሮጀር ሚላ በ1994 በ42 ዓመቱ ሩሲያ ላይ ሲያገባ የተደነቀ ሰው ይህንንም ሊያደንቅ ይገባል።

የማይታየው ሥራ የሚታየው ሲቋረጥ ነው። በ2019 ፈረንሳይ ላይ ብራዚል አውስትራሊያን ገጠመች። 2ለ0 መርታ በመጀመሪያው አጋማሽ መጨረሻ ላይ አንድ ጎል ተቆጠረባት። በእረፍት ሰዓት ማርታና ፎርሚጋ ተቀይረው ወጡ። ማርታ ገና ከጉዳት ማገገሟ ነበር። ከእረፍት መልስ ውጤቱ ተገልብጦ ብራዚል 3ለ2 ተሸነፈች። ያኔ ጉንዳኗ 41 ዓመቷ ነበር። የ41 ዓመት ሴት ስትወጣ መሐል ሜዳው ባዶ የሚሆንበት ቡድን! ይሄ ለእሷ ክብር ነው፤ ለአገሯ እግር ኳስ ግን ጥያቄ ነው።

ሦስት ፍፃሜ፣ ሦስት ብር

አቴንስ፣ 2004። የኦሊምፒክ ፍፃሜ፣ ብራዚል ከአሜሪካ። ብራዚል በጨዋታ በልጣ ታየች፤ ኳስ ከብረት ጋር ተጋጭቶ ተመለሰባት። መደበኛው ሰዓት 1ለ1 አለቀ። በጭማሪው ሰዓት 112ኛው ደቂቃ ላይ ረጅሟ አቢ ዋምባክ ከማዕዘን የተሻማውን ኳስ በጭንቅላቷ ገጭታ አገባች። 2ለ1። ብር።

ሻንጋይ፣ 2007። የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ፣ ብራዚል ከጀርመን። ብራዚል በግማሽ ፍፃሜው አሜሪካንን 4ለ0 አስጨፍራ ነው የመጣችው። ‹‹ዘንድሮስ የእነሱ ነው›› ያላለ አልነበረም። ጀርመን በቢርጊት ፕሪንዝ ጎል መራች። ብራዚል ፍፁም ቅጣት ምት አገኘች። መቺዋ ማርታ፣ ግብ ጠባቂዋ ናዲነ አንገረር። አንገረር መለሰችው። ጀርመን በውድድሩ ሙሉ አንድም ጎል ሳይቆጠርባት 2ለ0 አሸንፋ ዋንጫዋን ወሰደች። የብራዚል ልጆች ግን ሜዳልያቸውን ይዘው ዝም ብለው አልወጡም። ‹‹ብራዚል ሆይ፣ ድጋፍ እንፈልጋለን›› የሚል ጽሑፍ ይዘው ለዓለም አሳዩ። በዓለም ሁለተኛ የወጣ ቡድን የገዛ አገሩን ሲለምን ማየት ምን ያህል እንደሚያም አስቡት።

ቤጂንግ፣ 2008። ዳግም የኦሊምፒክ ፍፃሜ፣ ዳግም አሜሪካ። በግማሽ ፍፃሜው የዓለም ሻምፒዮኗን ጀርመንን 4ለ1 ሲቀጡ ብራዚል 1ለ0 እየተመራች ሳለ የአቻነቷን ጎል ያገባችው ፎርሚጋ ነበረች። በፍፃሜው ግን 90 ደቂቃው ያለ ጎል አለቀ። በ96ኛው ደቂቃ ካርሊ ሎይድ መታች። 1ለ0። ሦስተኛው ብር።

ሦስት ዓመት ቆይቶ በድሬስደን የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍፃሜ ያው ታሪክ ተደገመ። ብራዚል 2ለ1 እየመራች በ122ኛው ደቂቃ ያቺው ዋምባክ በጭንቅላቷ አቻ አደረገች። ብራዚል በመለያ ምት ተሰናበተች።

ወርቅ አላየችም ማለት ግን አይደለም። በፓን አሜሪካን ጨዋታዎች በ2003፣ በ2007 እና በ2015 ወርቅ አጥልቃለች። የ2007ቱ ፍፃሜ የተካሄደው ማራካኛ ላይ ነበር። አሜሪካ ወጣት ቡድኗን ብትልክም 5ለ0 የተሸነፈችው በአስር ሺህዎች በሚቆጠር ተመልካች ፊት ነው። ከሳኦ ሆዜ ክለብ ጋርም በ2013 እና በ2014 የደቡብ አሜሪካ ክለቦች ዋንጫ የሆነውን ኮፓ ሊበርታዶሬስ አንስታለች።

‹‹በቃኝ›› ብላ የተመለሰችው

2016፣ ሪዮ። ኦሊምፒኩ በገዛ አገሯ ነው። የወንዶቹ ቡድን በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ጎል ሲያጣ የሴቶቹ ደግሞ ሲያዘንብ ደጋፊው በማልያው ላይ የኔይማርን ስም ሰርዞ ‹‹ማርታ›› ብሎ ጻፈ። በግማሽ ፍፃሜው ግን ማራካኛ ላይ ስዊድን በሯን ዘግታ ተከላክላ 0ለ0 አወጣችና በመለያ ምት አሸነፈች። ለነሐስ በተደረገው ጨዋታ ካናዳ 2ለ1 ረታች። በዓመቱ መጨረሻ ማናውስ ላይ በተዘጋጀ ውድድር ፎርሚጋ ብሔራዊ ቡድኑን ተሰናበተች። 38 ዓመቷ ነበር። ማንም ‹‹ቸኮልሽ›› የሚላት አልነበረም።

ሌላው በዚህ ዕድሜ ጫማውን ይሰቅላል። እሷ ወደ ፓሪስ በረረች! በ2017 መጀመሪያ ፓሪስ ሴንት ዠርሜንን ተቀላቀለች። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ካርዲፍ ውስጥ በሻምፒዮንስ ሊግ ፍፃሜ ከሊዮን ጋር ተፋጠጠች። ጨዋታው 0ለ0 አልቆ ሊዮን በመለያ ምት 7ለ6 አሸነፈ። ‹‹አሁንስ ይቺ ሴት ከፍፃሜ ጋር ምን ነካት?›› ያሰኛል። በዓመቱ ግን ሊዮንን በፈረንሳይ ዋንጫ ፍፃሜ 1ለ0 አሸንፈው ተበቀሉ። በ2020/21 ደግሞ ፓሪስ የሊዮንን የ14 ዓመት የሊግ የበላይነት ሰብሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሲሆን ፎርሚጋ የቡድኑ አባል ነበረች፤ በ43 ዓመቷ።

በመሐሉ አገሯ ደግማ ጠራቻት። አሰልጣኝ ቫዳኦ እሷን የሚተካ አማካይ ሲያጡ ‹‹ተመለሽ›› አሏት። በ2018 ቺሊ ላይ ብራዚል ኮፓ አሜሪካን ስታነሳ ጉንዳኗ ቦታዋ ላይ ነበረች።

ሰባተኛው

ጁን 9 ቀን 2019፣ ብራዚል ከጃማይካ። ፎርሚጋ በ41 ዓመቷ ሜዳ ስትገባ ሁለት ክብረ ወሰን በአንድ ጊዜ ተሰበረ። ሰባተኛ የዓለም ዋንጫዋ ነው፤ በሴቶች ዓለም ዋንጫም በዕድሜ ትልቋ ተሰላፊ ሆነች። በዚያ ውድድር ከተሳተፉት ተጨዋቾች ውስጥ ከመቶ በላይ የሚሆኑት እሷ በ1995 ስትጀምር ገና አልተወለዱም ነበር።

ብራዚል በጥሎ ማለፉ በአዘጋጇ ፈረንሳይ በጭማሪ ሰዓት 2ለ1 ተሸንፋ ወጣች። ከጨዋታው በኋላ ማርታ እንባዋ ዓይኗ ላይ ሆኖ ካሜራውን ትክ ብላ እያየች ለአገሯ ሴት ልጆች መልዕክት አስተላለፈች። ፎርሚጋ ለዘላለም አትኖርም፣ እኔም አልኖርም፣ ክርስቲያኔም አትኖርም፣ የሴቶች እግር ኳስ የሚኖረው በእናንተ ነው አለች። የራሷን ስም ሳይሆን የፎርሚጋን አስቀደመች።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ የኳስን ቀልድ ያሳያል። የብራዚል አዲስ አሰልጣኝ ሆና የመጣችው ስዊድናዊቷ ፒያ ሱንድሃገ ናት። ፒያ ማን ናት? በ2008 ቤጂንግ ላይ ወርቁን የነጠቀችው የአሜሪካ አሰልጣኝ። በ2016 ማራካኛ ላይ ልባቸውን የሰበረችው የስዊድን አሰልጣኝ። በ1995 ፎርሚጋ የመጀመሪያ ዓለም ዋንጫዋን ስትጫወት ደግሞ ፒያ በስዊድን ቡድን ውስጥ የነበረች ተጨዋች ናት። ያኔ በተቃራኒ ቡድን የነበረችው አሰልጣኝ ስትሆን ፎርሚጋ አሁንም ተጨዋች ናት!

ፒያም ወደ ቶኪዮ ይዛት ሄደች። የሴቶች እግር ኳስ ኦሊምፒክ ከገባ ጀምሮ እስከ ቶኪዮ በተካሄዱት ሰባት ውድድሮች ሁሉ የተሰለፈች ብቸኛዋ ሰው ሆነች። በ2021 በተካሄደው በዚያ ውድድር ብራዚል በሩብ ፍፃሜ ከካናዳ 0ለ0 ተለያይታ በመለያ ምት 4ለ3 ተሸነፈች። ካናዳ ሄዳ ወርቁን ወሰደች። ፎርሚጋም በወጣትነቷ ወደ ተጫወተችበት ሳኦ ፓውሎ ክለብ ተመለሰች። ከዚያ የማናውሷ ምሽት መጣች።

ጉንዳን ምን ትታ ትሄዳለች?

የጀመርነው ‹‹በምን ትመዘን?›› ብለን ነው። በዋንጫ ብቻ ከሆነ መልሱ አጭር ነው። ግን ከ1995 እስከ 2021 አገሯ ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል። በ2019 የብራዚል አንደኛ ዲቪዚዮን ክለቦች የሴቶች ቡድን እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። በዚያው ዓመት ግዙፉ ቴሌቪዥን ግሎቦ የሴቶቹን የዓለም ዋንጫ ጨዋታዎች ሁሉ አስተላለፈ። በሴፕቴምበር 2020 ፌዴሬሽኑ ለብሔራዊ ቡድን ወንዶችና ሴቶች ተጨዋቾች እኩል አበል እንደሚከፍል አስታወቀ። በወንዶች ትርፍ ማልያ የጀመረችው ልጅ ይህንን ማልያው ውስጥ ሆና አየችው። አንድ ሰው ብቻውን ያመጣው ለውጥ አይደለም። ነገር ግን ቡድኑ በውድድሮች መሐል ሲበተን፣ ጓደኞቿ አንድ በአንድ ሲያቆሙ፣ ሁሌም ተመልሳ የምትገኝ አንዲት ሰው ነበረች።

በ2023 ብራዚል ከ1991 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፎርሚጋ የዓለም ዋንጫ ገባች። ከጃማይካ 0ለ0 ወጥታ ከምድቧ ተሰናበተች። በ2024 ፓሪስ ላይ ግን አዲሱ ትውልድ እንደገና ለኦሊምፒክ ፍፃሜ ደረሰ። ተጋጣሚው አሜሪካ፣ ውጤቱ 1ለ0፣ ሜዳሊያው ብር። የጉንዳኗ ውርስ እስከነሕመሙ ቀጥሏል።

በሜይ 2024 ደግሞ ፊፋ ባንኮክ ላይ ተሰብስቦ የ2027ን የሴቶች ዓለም ዋንጫ አዘጋጅነት ለብራዚል ሰጠ። በደቡብ አሜሪካ ሲዘጋጅ የመጀመሪያው ነው። ለአስተናጋጅነት ከተመረጡት ስምንት ከተሞች አንዷ ሳልቫዶር ናት። አንዲት ሕፃን ኳስ መጫወት ክልክል በነበረበት ዘመን የተወለደችባት፣ ኳስ ስትነካ የተመታችባት ያቺው ሳልቫዶር።